ጥላው የዘለለበት ቦታ

ይህን ደብተር ለሚከፍት ሁሉ፤

ከደብዳቤዎቹ በፊት የእኔ ጥፋት ይቅደም። እህቴ ከመሞቷ ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ለልጇ የተናገረችውን ቃል በስልኬ ቀርጬ አስቀርቻለሁ። ልጇ የምትኖረው ባሕር ማዶ ነው። ቃሉ ረጅም አይደለም፤ "ነይ፤ የጀመርሽውን አትጨርሺ፣ ነይ" ነው። በማግስቱ የሚሄድ መንገደኛ ነበር፤ በእጁ ልልክላት ከእህቴ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል።

የቀረጽኳት በእኩለ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ነው። ቤት ገብቼ ሳየው ዓይኖቿ ሁለት ጉድጓድ ሆነዋል፤ አፍንጫዋ ሥር ጥቁር ጥላ ተኝቷል፤ ግንባሯ ነጥቷል። ያቺ መልከ መልካም እህቴ ሳትሞት የሞተች መሰለች። "ይህን ፊት አይታ ልጅቷ ትደነግጣለች፤ ነገ በጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ አሳምሬ እቀርጻታለሁ፤ በሚቀጥለው መንገደኛ ይደርስላታል" አልኩ። በማግስቱ እህቴ ቀና ብሎ መቀመጥ አቃታት። በአራተኛው ቀን መናገር አቃታት። ልጅቷ ደውላ "ልምጣ ወይ?" ስትለኝ "ደህና ናት፣ እየተሻላት ነው" አልኳት። የሚቀጥለው መንገደኛ የሄደው ከቀብሩ በኋላ ነው። ልጅቷ "ምንም ቃል አልተወችም?" ብላ ስትጠይቀኝ ደግሞ "እንደተኛች ሄደች" አልኳት።

ሰባት ዓመት ሆነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች "ላክላት እንጂ፤ ምን ትጠብቃለህ?" ትለኝ ነበር። እሷም ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው። በየጠዋቱ እጸልያለሁ። ስለ ሁሉም ነገር እጸልያለሁ፤ እዚህ ጉዳይ ላይ ስደርስ ግን ሰልፍ ላይ ቆሞ ተራውን ለሌላ እንደሚለቅ ሰው አልፈዋለሁ።

ሥራዬ መጋረጃ መስፋት ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የእሷን ደብዳቤዎች እንደመጡ፣ የእኔንም ግልባጭ እየያዝኩ እዚህ ለጥፌያለሁ። አንዱ አልተላከም፤ እሱንም አልቀደድኩትም።

ጥቅምት 4 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎና የስፌት መኪናዎ፣ ሦስቱም ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። ትልቋ ልጄ የፊት ጥርሷ ወልቆ የምታወራው በፉጨት ነው። ትንሹ ፎቶዎን እያየ "የመጋረጃው ሰውዬ" ይልዎታል። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ጨምሮ ያቆይልኝ።

ደብዳቤ የምጽፈው ስልክ ጠፍቶ አይደለም። በስልክ ስንገናኝ ሁለታችንም "ደህና ነኝ" ተባብለን እንዘጋዋለን። እናቴም ደብዳቤ ነበር የምትወደው፤ "ስልክ አንዴ ነው የሚሰማው፣ ደብዳቤ ግን ቤት ይውላል" ትል ነበር።

ጉዳዬ ይህ ነው። ሥራዬን ያውቁታል፤ ካሜራ አቁሜ ሰው አስወራለሁ። የሰው እናት ሳስወራ አሥር ዓመት ሞላኝ። አሁን የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ በሰኔ ሊዘጋ መሆኑን ሰማሁ፤ ሥራው ውጭ ላለ ድርጅት ተሰጥቷል አሉ። እናቴ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችበት ነው። አብረዋት ከሠሩት አራት ሴቶች አሁንም አሉ። ሳይበተኑ ስለ ሥራውና ስለ እሷ ቢያወሩልኝ ደስ ይለኛል። እኔ መምጣት አልችልም፤ የመኖሪያ ወረቀቴ ለእድሳት ገብቷል፣ ከወጣሁ መመለሴ ያጠራጥራል። ስለዚህ እርስዎ ይቅረጹልኝ።

ክፍሉ ውስጥ አይሆንም። እንፋሎቱ የካሜራውን መስተዋት ያለብሰዋል፣ መብራቱም ደካማ ነው። ውጭ፣ ግቢው ውስጥ ይሁን። ትንሽ ካሜራና ማቆሚያ በመንገደኛ ልኬያለሁ። ቀዩን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ሲያልቅ ምስሉ የሚቀመጥባትን ካርድ አውጥተው በፖስታ ይላኩልኝ።

ጋሼ፣ እናቴ ለእኔ ቃል ሳትተው እንደሄደች ነግረውኛል። አልወቅሳትም። ለእኔ ያላለችውን ለእነሱ ብላ ከሆነ ግን ልስማው።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 6 ቀን

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ለአንቺ፣ ለባልሽና ለፉጨተኛዋ ልጅሽ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። ለትንሹ "የመጋረጃው ሰውዬ ደህና ነው" በዪልኝ። እግዚአብሔር መውጫ መግቢያችሁን ይጠብቅ።

ካሜራዋ ደርሳለች። የሆስፒታሉ ጽሕፈት ቤት ሳያስቸግር ፈቀደልኝ። ሴቶቹ ግን የሚያርፉት ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ ነው። በእኩለ ቀን መሆኑ ነው። "ብርሃን ከሞላ ሌላው ምን ይጎድላል" ብዬ ወንበሩን ግቢው መሃል አኖርኩ፤ ፊታቸውንም ወደ ፀሐይ አዞርኩ።

አለቃቸው ወፍራም ድምፅ ያላት ሴት ናት። እንደተቀመጠች፣ "አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ጨዋታ ነው ምርመራ? ፖሊስ እንኳ ጥላ ውስጥ አስቀምጦ ነው የሚጠይቀው!" አለችኝ።

"ብርሃኑ ለአንቺው ነው፤ እንድታምሪ" አልኳት።

"እኔ በብርሃን የማምርበት ዕድሜ አልፏል። አሁን የማምረው በጨለማ ነው።"

ሴቶቹ ሳቁብኝ። ቀጥላ የተቀመጠችው ዝምታ የሚሏት ናት፤ አፏ ስለማያርፍ ነው አሉ እንዲህ ያሏት። ስለ እናትሽ ሁለት ደቂቃ እንዳወራች ዓይኗ እንባ ሞላ። ልቧ ተነክቷል ብዬ ፊት ፊቷን አየኋት። "ምን ታፈጥብኛለህ? ስለ እህትህ አይደለም፣ ፀሐይዋ ናት!" አለችኝ።

ካርዷን ልኬልሻለሁ። እኔ ሳየው ደስ አላለኝም። ከዚህ በፊትም እንዲህ ዓይነት ፊት አይቻለሁ። ምን እንደማደርግ ንገሪኝ፤ ብትቆጪኝም አልቀየምም።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 1 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ጤናዎን ከእጅ ጽሕፈትዎ አየሁ፤ መስመር አልለቀቀም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ካርዷን ከፈትኳት። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አለቃዋ ግንባሯ የበራ አምፖል፣ ዓይኗ የተቃጠለ አምፖል ነው። ግን አልቆጣም። ይህ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያጠፋው ጥፋት ነው፤ ብዙ ብርሃን ጥሩ ብርሃን ይመስለናል። ፀሐይ ትልቅ ብትሆንም ሩቅ ስለሆነች ለእኛ እንደ ሳንቲም ናት። ከሳንቲም የሚወጣ ብርሃን ደግሞ ጥላውን በምላጭ እንደተቆረጠ ያደርገዋል። በደመና ቀን ግን ሰማዩ በሙሉ መብራት ይሆናል፤ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ፊት ያርፋል። የሚፈለገው በእጅ የተሠራች ትንሽ ደመና ናት። ይህማ የእርስዎ ሙያ ነው፤ ዕድሜዎን ሙሉ ፀሐይን በጨርቅ ሲገሩ ኖረው የለም?

መጀመሪያ የሕንፃ ጥላ ይፈልጉ። ሴትየዋ ጥላው ውስጥ ትቀመጥ፣ ፊቷ ግን ወደ ክፍቱ ሰማይ ይዙር። ጥላ ከጠፋ በፀሐይዋና በእሷ መሃል ነጭ ጨርቅ ይዘርጉ። ሌላ ቀለም አይሁን፤ ጨርቁ ያለው ቀለም ፊት ላይ ይወርዳል። ጨርቁ በቀረባት ቁጥር ብርሃኑ ይለሰልሳል፤ ካሜራዋ እንዳታየው ብቻ። ዓይኗ ሥር አሁንም ከጨለመ ነጭ ካርቶን በደረቷ ትይዩ ሰው ይያዝላት። ከእግሯ ሥር ግን አይሁን፤ ከታች የሚመጣ ብርሃን ያስፈራል። ከጀርባዋም ከፊቷ የበለጠ የሚያበራ ግድግዳ አይኑር።

ሁሉም ቢጠፋብዎ አንዱን ይያዙልኝ፤ ሰው ዓይኑን ሳይጨፍን ማውራት ከቻለ ብርሃኑ ተስተካክሏል ማለት ነው።

"ከዚህ በፊትም እንዲህ ዓይነት ፊት አይቻለሁ" ብለው ጽፈዋል። የት አይተው ነው?

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ

ታኅሣሥ 28 ቀን

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፤

የሰማይ አምላክ ሰላሙን ያብዛላችሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የሚያመኝ ደረጃ ሳይ ብቻ ነው።

ትምህርትሽን ወረቀት ላይ ገልብጬ ኪሴ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። በምሳ ሰዓት የሕንፃው ጥላ ከግድግዳው አንድ ክንድ አይርቅም፤ ድመት ብቻ ነች የምትበቃበት። ግቢው ውስጥ አንድ ዛፍ አለ፣ እሱ ሥር ሞከርኩ። በቅጠሉ መሃል የሚሾልከው ብርሃን አለቃዋን ነብር አደረጋት። ከዚያ የጥበቃውን ሰማያዊ ሸራ ተዋስኩ። ነጭ ብለሽኝ ነበር፣ እኔ ግን ጥላ ሁሉ አንድ ነው ብዬ ነው። ዝምታ ምስሏን አይታ "ውሃ ውስጥ ስንት ቀን ቆይቼ ነው የወጣሁት?" አለች።

ቤት ገብቼ ሁለት ክንድ በሁለት ክንድ የሆነ የእንጨት ፍሬም አሠራሁ። አቡጀዲ ወጥሬ ሰፋሁበት፤ ጠርዙን እጥፍ፣ ማዕዘኑን በቆዳ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስሰፋ እንደዚያ ያማረ ነገር ሰፍቼ አላውቅም። ግቢው ውስጥ እንዳቆምኩት ነፋስ መጣና ይዞት ተነሣ። ሦስተኛዋ ሴት፣ አጣጣፊዋ፣ ወገቧን ይዛ ስትስቅ ፍሬሙ የሐኪሞቹ መኪና ጣሪያ ላይ አረፈ። መኪናው ደህና ነው። ሐኪሙም ይቅር ብሎኛል።

ከችግሩ ያወጣችኝ ተኳሿ ናት፤ አራተኛዋ፣ ልብስ የምትተኩሰው። በመስኮት ስታየኝ ቆይታ ወጣች። "አንተ ሰው፣ ፀሐይን በጨርቅ ለመጋረድ እዚህ ግቢ ድረስ ጨርቅ ይዘህ ትመጣለህ? ዓይንህን ግለጥ እንጂ!" አለችኝ። ዞር ብዬ አየሁ። መቶ ሃያ አንሶላ ገመድ ላይ ተሰቅሏል።

ሁለት ረድፍ አንሶላ መሃል ስትገቢ ሌላ አገር ነው። ፀሐይዋ በአንደኛው ረድፍ ተጣርታ ትገባለች፤ ሌላኛው ረድፍ ብርሃኑን ተቀብሎ ይመልሰዋል። ተኳሿ አዲሱን አንሶላ አስነሥታ ብዙ ጊዜ የታጠበውን አሰቀለችልኝ፤ "ያረጀው ነው ብርሃን የሚያሳልፈው" አለች። ከጀርባ ነጭ እንዳይበዛ ግራጫ ብርድ ልብስ ሰቀልን። አለቃዋ ስትቀመጥ የፊቷ መስመር ሁሉ ለየብቻው ታየ፣ አንዱም አላስፈራም። ዓይኗንም አልጨፈነችም። "እህትህ ሲደክማት እዚህ መሃል ወንበር አድርጋ ትቀመጥ ነበር፤ 'ፊቴን ላሳርፈው' ትለናለች" አለችኝ።

ይህን እኔ አላውቅም ነበር።

የሦስቱን ልኬያለሁ። የቀረችው ተኳሿ ናት።

አጎትሽ

ጥር 9 ቀን (ያልተላከ)

ልጄ፤

በዚህ ደብዳቤ ሰላምታ አላስቀድምም፤ የምልከው አይመስለኝም።

ትናንት ተኳሿን ቀረጽኳት። የመጀመሪያውን ቁራጭ ስለ ሥራ አወራች፤ ስለ እንፋሎት፣ ስለ ተቃጠለ ጣት፣ እናትሽ አንሶላ ስታጥፍ ማዕዘኑን በጥርሷ ስለመያዟ። ካሜራዋ ራሷ ቁራጭ በቁራጭ ነው የምትይዘው። ሁለተኛው ቁራጭ ላይ "የመጨረሻ ጊዜ ያየሻት መቼ ነው?" አልኳት። ለሁሉም የጠየቅሁት ጥያቄ ስለሆነ ነው የጠየቅኋት።

"እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እያለህ" አለች።

"ለካሜራዋ ንገሪ።"

"እንግዲያው ለልጅቷ ልንገራት።" ወንበሩን አስተካከለች። "ልጄ፣ እናትሽን ልጠይቅ ስመጣ ትራስ አስደግፊኝ አለችኝ። አስደገፍኳት። በሩን ነው የምታየው። 'ማንን ትጠብቂያለሽ?' ብላት 'ልጄን፤ ቃሌን ልኬላታለሁ፣ አሁን መንገድ ላይ ናት' አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ተመልሼ መጣሁ፤ አፏ ተይዟል፣ ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነው።" ከዚያ ቀና ብላ ወደ እኔ አየች። "ልከኸው ነበር አይደል?"

እኔ ከካሜራዋ ጀርባ ነኝ። "ባትሪው ሊያልቅ ነው" አልኩ።

"ባትሪ! ጥያቄ ሲመጣ ነው እንዴ የሚያልቀው?"

ከዚያ ስለ እናትሽ ሌላ ሌላውን አወራች፤ ስለ አንቺ ስም አወጣጥ ሳይቀር። ሦስተኛው ቁራጭ ላይ ወደ ሥራው ተመለሰች።

ዛሬ ካርዷን ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱን "አንደኛውንና ሦስተኛውን ወደ ሌላ ካርድ ገልብጥልኝ፤ ሁለተኛውን ተወው" አልኩት። "ለምን?" አላለም። ቢለኝ ኖሮ ምን እንደምለው አዘጋጅቼ ነበር።

ስመለስ ለጸሎት ተንበረከክሁ። የመጀመሪያው ጥፋቴ መዘግየት ነበር፤ ሰው ይዘገያል። የዛሬው ግን በእጄ የሠራሁት ነው፤ ልክ ወስጄ፣ ቆርጬ፣ ጠርዙን አጥፌ። ስፌቱ እንዳይታይ አድርጎ መስፋት ሙያዬ ነው።

ጥር 14 ቀን

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፤

ሰላምሽ ይብዛ። የተኳሿን ካርድ ይኸው ልኬያለሁ። ከሌሎቹ ትንሽ አጠር ብላለች፤ ሥራ በዝቶባት ነበር። ልጆቹን ሳሚልኝ። የወረቀትሽን ጉዳይ እግዚአብሔር ያቅናልሽ።

አጎትሽ

የካቲት 10 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አራቱንም አየሁ። አብራኝ ለምትሠራው ሴት ሳሳያት "ስንት መብራት ተክለው ነው?" አለችኝ። "አንድ ፀሐይና አንድ አጎት" አልኳት። አሥር ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬ በአንሶላ ረድፍ መሃል የተቀረጸ ሰው አላየሁም። የእናቴን የማረፊያ ቦታ ስላገኙልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አንድ ጥያቄ አለኝ።

ተኳሿ ላይ ሁለቱ አንሶላዎች የሚደራረቡበት ጠርዝ ለስላሳ የጥላ መስመር ይጥላል። ቆንጆ መስመር ነው። እስከ ዘጠነኛው ደቂቃ ትከሻዋ ላይ ነው። በዘጠነኛው ደቂቃ አንዴ ብልጭ ይልና መስመሩ ደረቷ ላይ ይገኛል። ነፋስ ነው እንዳይሉኝ፤ ነፋስ ያወዛውዛል እንጂ አያሻግርም። ጥላ ይህን ያህል ለመውረድ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ፀሐይ ደግሞ አትዘልም።

በዚያ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ምን አለች?

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ

መጋቢት 20 ቀን

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፤

መልስ ስለዘገየሁ ይቅርታ። ለአዲሱ ሆቴል የአርባ መስኮት መጋረጃ ይዤ ነበር። ገበሩ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ መጣ፤ ሁለት ጊዜም ፈታሁት።

ያልሽው ነገር ባትሪ ነው። ባትሪ ስቀይር ነው ጥላው የወረደው።

እዚህ ሙቀቱ በርትቷል። አጣጣፊዋ ልጅዋን ዳረች። የፉጨተኛዋ ጥርስ በቀለ ወይ?

አጎትሽ

ሚያዝያ 15 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጥርሷ በቅሏል፤ ፉጨቱ ግን ልማድ ሆኖባት ቀረ።

ባትሪ ለመቀየር ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እሱ ይቅር። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ከዝላዩ በፊት ተኳሿ ካሜራዋን ነው የምታየው። ከዝላዩ በኋላ የምታየው ከካሜራዋ በላይ፣ ከጀርባዋ የቆመውን ሰው ነው። እስከ መጨረሻው ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሣችም። ይህን አስተያየት በሥራዬ አውቀዋለሁ፤ ጠይቆ መልስ ያላገኘ ሰው አስተያየት ነው።

ጋሼ፣ አልጨቀጭቅዎትም። ሰው ስለ ሌላ ሰው የተወራውን አይቆርጥም፤ የሚቆርጠው ስለ ራሱ የተወራውን ነው። ፊልሙን በሰኔ እጨርሳለሁ። ዝላዩን አልሸፍነውም፤ ሌላ ምስል ደርቤ ላለሰልሰው እችል ነበር፣ አላደርገውም። ጥላው ትከሻዋ ላይ ይሁን፣ ከዚያ ደረቷ ላይ ይሁን። የሚያይ ሰው ሁሉ "እዚህ ጋ ምን ነበር?" ብሎ ይጠይቃል። እኔም ከሚጠይቁት አንዷ እሆናለሁ።

እግዚአብሔር ይጠብቅዎ።

የእህትዎ ልጅ

ግንቦት 8 ቀን

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፤

ሰላም ከአንቺና ከቤትሽ ጋር ይሁን። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ከደብዳቤው ጋር ሦስት ካርዶች አሉ። በየፖስታቸው ላይ ጽፌባቸዋለሁ። የመጀመሪያዋ የተኳሿ ሁለተኛ ቁራጭ ናት፤ ያልኩሽ ባትሪ ሐሰት ነው።

ሁለተኛዋ የእኔ ናት። ባለፈው ማክሰኞ ወደ ማጠቢያው ሄድኩ። ገመዱ ላይ የቀረው አንሶላ አርባ አይሞላም፤ ማሽኖቹን እየፈቱ ነው። ተኳሿን "ያረጁትን ስቀይልኝ፤ ዛሬ የምቀመጠው እኔ ነኝ" አልኳት። ሰቀለችልኝ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፣ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላለች። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቀዩን ቁልፍ እሷ ተጫነች።

መናገር ስጀምር "ዓይንህን አትጨፍን" አለችኝ።

"አልጨፈንኩም።"

"ጨፍነሃል። ፀሐይ እኮ የለችም።"

እውነቷን ነው፤ ብርሃኑ እንደ ወተት ነበር። አንቺ ሰው ዓይኑን ሳይጨፍን ማውራት ከቻለ ብርሃኑ ተስተካክሏል ብለሽኛል። ብርሃኑ ተስተካክሎም የሚጨፍን ሰው እንዳለ ለሥራሽ ያዢው። ከዚያ ገለጥኩ። እናትሽ የተናገረችውን፣ ያስቀረሁትን፣ ስትደውዪ የመለስኩልሽን፣ ከቀብሩ በኋላ ያልኩሽን፣ ባለቤቴ የመከረችኝን፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያደረግሁትን፣ በቅደም ተከተሉ ተናገርኩ። አሥራ ሰባት ደቂቃ ነው። ካርዱ ላይ ይቅርታ ጠይቄሻለሁ፤ እዚህ አልደግመውም። በወረቀት ሲሆን ማሳመር ይቀናኛል።

ስጨርስ ተኳሿን "ታውቂ ነበር?" አልኳት።

"ሠላሳ ዓመት አንሶላ ተኩሻለሁ፤ እጥፋት የት እንዳለ እጄ ያውቃል" አለችኝ። ከዚያ አንሶላውን ማውረድ ጀመረች፤ እኔም በሌላው ጫፍ ያዝኩላት።

ሦስተኛዋ ካርድ የእናትሽ ናት። ከአሮጌው ስልኬ ወደ ካርዱ ያስገባልኝ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ነው። ፊቷን ሲያይ "ጋሼ፣ ይሄን ላበራልዎት እችላለሁ፤ ዓይኗ እንዲታይ አደርገዋለሁ" አለኝ። "አይ፤ እንዳለ ይሁን" አልኩት። ስለዚህ በእኩለ ቀን እንደቀረጽኳት ናት፤ ጨልማለች። ልጆቹ አብረውሽ ባሉበት እንዳትከፍቺው።

ከመክፈትሽ በፊት አንድ ነገር እወቂ። መጨረሻው ላይ ስልኩን ላጠፋ ስል የእኔ ድምፅ ይሰማል፤ "ፊትሽ ጨለመ፣ ነገ እንደገና እንቅረጸው" እላታለሁ። እሷ ምን ብላ እንደመለሰችልኝ ሰባት ዓመት ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ለሰው ተናግሬው ግን አላውቅም፤ ለባለቤቴም፣ ማክሰኞ ዕለት ወንበሩ ላይም ሳልለው ቀረሁ። እዚህ ልጻፈው፦

"ፊቴን ምን ታደርግበታለህ? ድምፄን ታውቀዋለች። ዛሬውኑ ላክላት።"

አጎትሽ

ግንቦት 9 ቀን፣ ሐሙስ

ከጸሎት በኋላ ደብዳቤውንና ሦስቱን ካርዶች በአንድ ፖስታ አሸግሁ። የአቡጀዲ ከረጢት ሰፍቼለት ነበር፤ ከዚያ ስፌቱ ሌላ አንድ ቀን እንደሚወስድብኝ አይቼ ተውኩት። ፖስታ ቤት የደረስኩት አራት ሰዓት ላይ ነው። ከፊቴ ስድስት ሰዎች ነበሩ። አንዲት ሴት ሕፃን ይዛ ስትመጣ ተራዬን ልለቅላት ወደ ኋላ አልኩ፤ እሷ ግን የቆመችው ለሌላው መስኮት ነው። ተራዬ ደረሰ።

"ውስጡ ምንድን ነው?" አለችኝ ጸሐፊዋ።

"ሦስት ካርድና አንድ ደብዳቤ።"

"ይቸኩላል?"

"አዎ" አልኳት።

ማኅተሙን መታችበት። አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሁለተኛው መስኮት፣ በእጄ ሰጠሁ።